የድርሻ ዜድ፦ የትኛው ቀመር፣ የትኛው ሠንጠረዥ፣ መቼ?

ሀዋሳ ውስጥ ፈተና ሲቃረብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲደርስ፣ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ካሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች በብዛት ከሚወጡት ገጾች አንዱ የዜድ ሠንጠረዥ፣ ማለትም በደወል ቅርጹ የኖርማል ኩርባ ሥር ያለውን ስፋት የሚሰጠው ሠንጠረዥ ነው። ገጹን መያዝ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ከገጹ የትኛውን ቁጥር ለየትኛው ቀመር እንደሚወስዱ ማወቁ ነው። በተለይ ጥያቄው ስለ ድርሻ፣ ማለትም ክፍል ውስጥ ፕሮፖርሽን ስለምንለው ነገር ሲሆን፣ «ዜድ» የሚለው አንድ ስም ብዙ ሥራ ይሸከማል፦ የመተማመኛ ክልል (እውነተኛው ድርሻ ከስንት እስከ ስንት እንደሚሆን የሚገምት) መሥሪያ ነው፣ የመላምት መፈተኛ ነው፣ ሁለት ቡድኖችን ማወዳደሪያ ነው፣ የናሙና ብዛት መወሰኛም ነው። ተማሪዎች ነጥብ የሚያጡት በአብዛኛው በስሌቱ አይደለም፤ ለአንዱ ሥራ የተሠራውን ቀመር ለሌላው በማዋላቸው ነው።

ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት ከሠንጠረዡ ሳይሆን ከጥያቄው ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ከታወቀ በቀመሩ ዳግም ዘር ሥር የሚገባው ድርሻ ይታወቃል፤ እሱ ከታወቀ የቀረው ካልኩሌተር መጫን ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት የሀዋሳ ምሳሌዎች በሙሉ ለማስተማሪያ የተፈጠሩ ናቸው። ማንም እንደ ጥናት ውጤት እንዳይወስዳቸው አደራ እላለሁ።

ከሠንጠረዥ የሚወጣው እና ከመረጃ የሚሰላው

መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ለዩ። አንደኛው ዜድ ከመረጃው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። 95 በመቶ መተማመኛ ብላችሁ ከወሰናችሁ፣ መቶ ሰው ጠየቃችሁም ሁለት ሺህ፣ ዜዱ 1.96 ነው። ለ90 በመቶ 1.645፣ ለ98 በመቶ 2.326፣ ለ99 በመቶ 2.576 ነው። ይህ ገና መጠይቁ ሳይበተን የሚታወቅ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ዜድ ግን መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የሚሰላ ነው፤ ናሙናው ያሳየው ድርሻ ከተባለው ድርሻ በስንት መደበኛ ስሕተት (ናሙናዎች በዕድል ብቻ በሚዋዥቁበት መጠን) እንደራቀ ይናገራል። መላምት ስንፈትን ሁለተኛውን አስልተን ከአንደኛው ጋር እናስተያያለን።

የኩርባው አንድ ጫፍ ወይስ ሁለት ጫፍ ይቆጠር ለሚለው፣ የጥያቄውን አነጋገር አንብቡ። «ይለያል ወይ?» «ተቀይሯል ወይ?» የሚል ከሆነ ሁለቱም ጫፎች ይቆጠራሉ፤ በ5 በመቶ የጉልህነት ደረጃ (እውነተኛ አባባልን በስሕተት ለመጣል የምንፈቅደው ዕድል) መለያው፣ ማለትም ዜዱ ካለፈው አባባሉ የሚወድቅበት ቁጥር፣ 1.96 ነው። «ቀንሷል ወይ?» «ይበልጣል ወይ?» ከሆነ አንድ ጫፍ ይበቃል፤ መለያው 1.645 ይሆናል። ይህ ውሳኔ መረጃው ከመታየቱ በፊት መጻፍ አለበት። 1.8 ካገኙ በኋላ ከሁለት ጫፍ ወደ አንድ ጫፍ መዞር ውጤቱን ለማሳመር የተደረገ ነው፤ አማካሪም ፈታኝም ይህን ሊቀበል አይገባም።

አንድ ድርሻ፦ የተባለውን ወይስ የተገኘውን?

አንድ ተማሪ በመናኸሪያ እና በፒያሳ አካባቢ 200 የባጃጅ ተሳፋሪዎችን በዕጣ መርጦ ጠየቀ እንበል። 64ቱ የመጨረሻ ጉዟቸውን ሒሳብ የከፈሉት በቴሌብር ነው አሉ። የናሙናው ድርሻ 64 ÷ 200 = 0.32 ነው። በሌላ በኩል አንድ ሰው «ከተሳፋሪው 40 በመቶው በቴሌብር ነው የሚከፍለው» ብሏል። ተማሪው ይህን አባባል መፈተን ይፈልጋል።

የዜዱ ላዕል ግልጽ ነው፤ 0.32 − 0.40 = −0.08። ክርክሩ ያለው ታህቱ ላይ ነው። መደበኛ ስሕተቱ የድርሻው እና የቀሪው ብዜት ለናሙናው ብዛት ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት ዳግም ዘር ነው። ግን የቱ ድርሻ ይግባ? የተባለው 0.40 ወይስ የተገኘው 0.32?

በ0.40 ስንሠራ፦ √(0.40 × 0.60 ÷ 200) = 0.0346፤ ዜድ = −2.31።
በ0.32 ስንሠራ፦ √(0.32 × 0.68 ÷ 200) = 0.0330፤ ዜድ = −2.43።

ልዩነቱ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ የጉልህነት ደረጃው 2 በመቶ ሆኖ በሁለት ጫፍ ቢፈተን ምን እንደሚሆን ይይ። መለያው 2.326 ነው። በመጀመሪያው ስሌት አባባሉን ለመጣል በቂ ማስረጃ የለም፤ በሁለተኛው ደግሞ አባባሉ ይወድቃል። አንድ መረጃ፣ ሁለት ፍርድ።

ለመላምት ፈተና ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱን መረዳት ቀመሩን ከመሸምደድ ይበልጣል። መላምት ስንፈትን የምንከራከረው እንዲህ ነው፦ «እሺ፣ 40 በመቶ እውነት ይሁን። እውነት ከሆነ፣ ከ200 ሰው 64 ብቻ ማግኘት ምን ያህል ያልተለመደ ነው?» ለክርክሩ ስንል 40 በመቶን ከተቀበልን፣ ናሙናዎች ምን ያህል እንደሚዋዥቁ የምንለካውም በዚያው በ40 በመቶ መሆን አለበት። ላዕሉ ላይ ተቀብለነው ታህቱ ላይ ብንተወው ክርክራችን ከራሱ ጋር ይጣላል።

ለመተማመኛ ክልል ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ማንም የተናገረው ቁጥር የለም፤ ጥያቄው «እውነተኛው ድርሻ ከስንት እስከ ስንት ሊሆን ይችላል?» ነው። በእጃችን ያለው 0.32 ብቻ ስለሆነ እሱን እንጠቀማለን፦ 0.32 ± 1.96 × 0.0330፣ ማለትም ከ0.255 እስከ 0.385። እዚህ ቦታ 0.40ን ማስገባት ያልተጠየቀን ነገር መመለስ ነው።

ሁለት ድርሻዎች፦ አዋህዶ ወይስ ለየብቻ?

ከዚህ ርዕስ ሁሉ ብዙ ግራ መጋባት የማየው እዚህ ላይ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ጥናቱ የመጠጥ ውሃን አክሞ ስለመጠቀም ነው እንበል። በታቦር ክፍለ ከተማ ከ150 ቤተሰቦች 60ዎቹ ውሃውን አፍልተው ወይም አጣርተው ይጠጣሉ፤ ድርሻው 0.40 ነው። በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ከ100 ቤተሰቦች 28ቱ፤ ድርሻው 0.28 ነው። ልዩነቱ 0.12 ነው። ጉልህ ነው?

እዚህም ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ሁለቱን ናሙናዎች አዋህዶ አንድ የጋራ ድርሻ ማግኘት ነው፦ (60 + 28) ÷ 250 = 0.352። ከዚያ መደበኛ ስሕተቱ √(0.352 × 0.648 × (1/150 + 1/100)) = 0.0617 ይሆናል፤ ዜድ = 0.12 ÷ 0.0617 = 1.946። ሁለተኛው መንገድ ሁለቱን ለየብቻ ያሰላል፦ √(0.40 × 0.60 ÷ 150 + 0.28 × 0.72 ÷ 100) = 0.0601፤ ዜድ = 1.996።

መለያው 1.96 መሆኑን አስታውሱ። አንዱ ከሥሩ ቀረ፣ ሌላው አለፈው።

አመራረጡ ከላይ ካየነው ሐሳብ የሚቀጥል ነው። መላምቱ «ሁለቱ ክፍለ ከተሞች አይለያዩም» የሚል ከሆነ፣ ለክርክሩ ስንል አንድ የጋራ ድርሻ ብቻ እንዳለ ተቀብለናል። አንድ ድርሻ ካለ ደግሞ እሱን ለመገመት የሁለቱንም ናሙና መረጃ ማዋሃድ ተገቢ ነው። ስለዚህ ለዚህ ፈተና የምንቀበለው 1.946ን ነው፤ በ5 በመቶ ደረጃ «ይለያያሉ» ለማለት ጥቂት ይቀራል። ጥያቄው «ልዩነቱ ምን ያህል ነው?» ከሆነ ግን እኩል ናቸው ብለን አልጀመርንም፤ ስለዚህ ለየብቻ እናሰላለን፦ 0.12 ± 1.96 × 0.0601፣ ከ0.002 እስከ 0.238።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር ያስተውላል። ፈተናው «ማስረጃው አልበቃም» ሲል፣ የመተማመኛ ክልሉ ዜሮን በጠባብ ልዩነት ከውጭ ትቶታል። የአማካይ ትምህርት ላይ «ክልሉ ዜሮን ካልያዘ መላምቱ ይወድቃል» ብሎ የተማረ ሰው ይደነግጣል። ሊደነግጥ አይገባም፤ የተሳሳተ ስሌት የለም። በአማካይ ላይ ፈተናውም ክልሉም የሚጠቀሙት አንድ መደበኛ ስሕተት ስለሆነ ሁልጊዜ ይስማማሉ። በድርሻ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ መደበኛ ስሕተቶች ስላሉ፣ ውጤቱ መለያው አጠገብ ሲወድቅ ሊለያዩ ይችላሉ። በጽሑፋችሁ ውስጥ እንዲህ ካጋጠማችሁ ሁለቱንም ጻፉ፣ ውጤቱ ድንበር ላይ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። የሚፈለገውን ፍርድ የሰጠውን ብቻ መርጦ ማቅረብ ግን አይቻልም።

ቲ ለምን አይሆንም?

«ናሙናው ትንሽ ከሆነ ቲ ይሠራል»፣ ማለትም በዜድ ፈንታ የቲ ሠንጠረዥ ይወሰዳል የሚለው ደንብ የአማካይ ነው። ዊሊያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1908 ያቀረበው መፍትሔ፣ መደበኛ ልይይቱ ሳይታወቅ ከትንሽ ናሙና ሲገመት ለሚመጣው ተጨማሪ እርግጠኛ አለመሆን ነው። በድርሻ ላይ ለብቻው የሚገመት መደበኛ ልይይት የለም፤ ድርሻው ከታወቀ መዋዠቁ አብሮ ይታወቃል። ስለዚህ ለድርሻ ወይ ዜድ ነው፣ ወይ ደግሞ ዜድ የማይበቃበት ቦታ ላይ ባይኖሚያል፣ ማለትም የ«አዎ» መልሶችን ብዛት ዕድል በቀጥታ የሚያሰላው ቀመር ነው።

ዜድን የምንተውበት ቦታ

የኖርማል ኩርባው መጀመሪያ የመጣው ለዚሁ ሥራ ነበር። አብርሃም ደ ሟቭር እ.ኤ.አ. በ1733 ያወጣው የባይኖሚያልን አድካሚ ስሌት በግምት ለማሳጠር ነው። ግምት ስለሆነ ደግሞ የሚከዳበት ቦታ አለው። ብዙ የመግቢያ መጻሕፍት የሚሰጡት መመዘኛ፣ የሚጠበቁት «አዎ» እና «አይደለም» መልሶች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ይሁኑ የሚል ነው፤ 5 የሚሉም አሉ። እኔ 10ን እመርጣለሁ። ለፈተና የሚቆጠረው በተባለው ድርሻ ነው፤ ለመተማመኛ ክልል በተገኘው።

ይህ መመዘኛ ለደንብ ያህል የሚጻፍ እንዳልሆነ በአንድ ምሳሌ እናሳይ። «በአሞራ ገደል ከሚያጠምዱ ዓሣ አስጋሪዎች 20 በመቶው የመንሳፈፊያ ጃኬት ይለብሳሉ» ተባለ እንበል። አንድ ተማሪ ከዚያ ያነሰ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ 15 ሰው ጠይቆ የሚለብስ አንድ ብቻ አገኘ። የሚጠበቀው 15 × 0.20 = 3 ብቻ ስለሆነ መመዘኛው አልተሟላም። ቢሆንም ዜዱን ካሰላነው፦ (0.0667 − 0.20) ÷ 0.1033 = −1.29፤ ከእሱ በታች ያለው የኩርባው ስፋት፣ ማለትም ዕድሉ፣ 0.0985 ነው። በ10 በመቶ ደረጃ አባባሉን እንጥላለን ማለት ነው። በባይኖሚያል በቀጥታ ስናሰላ ግን ከ15 ሰው አንድ ወይም ከዚያ በታች የማግኘት ዕድሉ 0.8 በ15 ሲነሣ፣ ሲደመር 15 × 0.2 × 0.8 በ14 ሲነሣ፣ በድምሩ 0.167 ነው። አባባሉ አይወድቅም። ዜድ ዕድሉን ወደ ግማሽ ተጠግቶ አሳንሶታል።

በመካከል ያለ አማራጭ አለ፦ የቀጣይነት ማስተካከያ፣ ማለትም የተቆጠረውን ቁጥር በግማሽ ወደሚጠበቀው ማስጠጋት። በ1 ፈንታ 1.5 ብለን ብንሠራ ዜድ −0.97 ይሆናል፣ ስፋቱም 0.166፤ ከትክክለኛው ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ኮምፒውተር በሌለበት ፈተና ላይ ጥሩ መውጫ ነው። ኮምፒውተር ካለ ግን በቀጥታ ባይኖሚያሉን ተጠቀሙ።

የመተማመኛ ክልሉም እንዲሁ ይከዳል። ከ20 ሰው አንድም «አዎ» ያለ ከሌለ፣ የተለመደው ቀመር ከ0 እስከ 0 የሚል ክልል ይሰጣል፤ በሀዋሳ ሙሉ አንድም ሰው የለም እንደማለት ነው። ኤድዊን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1927 ያቀረበው ዘዴ ለዚሁ መረጃ ከ0 እስከ 0.161 ይሰጣል። ይህ ለማመን የሚቻል መልስ ነው። ናሙናው ትንሽ ከሆነ ወይም ድርሻው ለዜሮ ወይም ለአንድ ከቀረበ ያለማመንታት ዊልሰንን እመክራለሁ።

ሠንጠረዥ፣ ካልኩሌተር ወይስ ሶፍትዌር?

የሚባዛው ሠንጠረዥ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያውን ረድፍ የመጀመሪያ ቁጥር ተመልከቱ። 0.0000 ከሆነ ከመሐል እስከ ዜድ ያለውን ስፋት የሚሰጥ ነው። 0.5000 ሆኖ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ካደገ፣ ከግራ ጫፍ ጀምሮ የሚደምር ነው፤ ከቀነሰ ደግሞ የቀኝ ጫፉን ብቻ የሚሰጥ ነው። ለ1.96 ሦስቱ በቅደም ተከተል 0.4750፣ 0.9750 እና 0.0250 ይላሉ።

በጣም የተለመደው ስሕተት የሚፈጸመው ከግራ በሚደምረው ላይ ነው። «95 በመቶ» ሲባል 0.95ን ፈልጎ 1.645 የሚያወጣ ተማሪ፣ ሳያውቀው የ90 በመቶ ክልል ሠርቷል። ቀሪው 5 በመቶ ለሁለት ጫፍ ስለሚከፈል መፈለግ ያለበት 0.975 ነው። ከመሐል በሚጀምረው ላይ ግን 0.95ን ለሁለት ከፍሎ 0.4750ን መፈለግ ብቻ ነው። ለድርሻ ፈተና ከግራ የሚደምረው ይሻላል ባይ ነኝ፤ አሉታዊም ሆነ አዎንታዊ ዜድ ሲመጣ መደመርና መቀነስ ያሳንሳል። ሆኖም ፈተና ላይ የሚታደለው የመሐሉ ከሆነ በእሱው ተለማመዱ፤ በፈተና ቀን አዲስ ሠንጠረዥ መግለጥ አያዋጣም።

ኤክሴል ላይ «ኖርም.ኤስ.ኢንቭ» የሚባለው ተግባር ከግራ የሚደምር ስለሆነ 0.975 ስትሰጡት 1.96 ይመልሳል። ሕጉ ከሠንጠረዡ ጋር አንድ ነው።

ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ «ሁለት ድርሻ አወዳድሬ ዜድ አላገኘሁም» ይላሉ። በክሮስታብ (ቡድንና መልስን በሚያጣምረው ሠንጠረዥ) ውጤት ላይ የሚወጣው ፒርሰን ካይ ስኩዌር የሚባለው መፈተኛ ነው፤ ለሁለት በሁለት ሠንጠረዥ እሱ የተዋሐደው ዜድ ካሬ ነው። በታቦርና በሐይቅ ዳር ምሳሌያችን 3.788 ያወጣል፤ ዳግም ዘሩ 1.946 ነው። መለያውም 3.841 የሆነው የ1.96 ካሬ ስለሆነ ነው። ከሥሩ «የቀጣይነት ማስተካከያ» የሚል ሌላ ረድፍ አለ፤ ለዚሁ መረጃ 3.280 ይላል። አር በተባለው ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች «ፕሮፕ.ቴስት»ን ሲጠሩ ካልከለከሉት በስተቀር የሚያገኙት ይህንን ሁለተኛውን ነው። በእጅ ያሰላችሁት ከሶፍትዌሩ ጋር አልገጥም ካለ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው።

ከመረጃው በፊት የሚመጣው ዜድ

የናሙና ብዛት ለመወሰን የሚያገለግለው ቀመር የዜድ ካሬን በድርሻውና በቀሪው አባዝቶ ለሚፈቀደው ስሕተት ካሬ ያካፍላል። በ95 በመቶ መተማመኛ፣ በ5 በመቶ ስሕተት፣ ድርሻውን 0.5 ብለን ስንወስድ 384.16 ይሆናል። ወደ ላይ ይጠጋጋልና 385 መባል አለበት፤ ብዙ ጽሑፎች ላይ የምናየው 384 ትንሽ ያጎድላል።

ምርጫው እዚህም ስለ ድርሻው ነው። ቀደም ያለ ጥናት 0.32 ካለ የሚያስፈልገው 335 ብቻ ነው። 0.5 ግን ትልቁን ብዛት ስለሚሰጥ ከማነስ ይጠብቃል። የቀደመው ጥናት በሌላ ከተማ ወይም ከብዙ ዓመት በፊት የተሠራ ከሆነ 0.5ን እመርጣለሁ፤ በዚሁ ከተማ በቅርቡ የተሠራ ከሆነ የእሱን ድርሻ መውሰድ ጊዜና ገንዘብ ያድናል። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 335ቱ 369 ይሆናል። ናሙናው በቀጥታ ከመላው ነዋሪ ሳይሆን መጀመሪያ ቀበሌ፣ ከዚያ ቤተሰብ እየተመረጠ ከሆነ ደግሞ፣ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ብዛቱ በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል። በ2 ከተባዛ 335ቱ 670፣ ከ10 በመቶው ጋር 737 ይሆናል። ይህ የመስክ ወጪን በእጥፍ የሚያሳድግ ውሳኔ ስለሆነ፣ ከአማካሪ ጋር መነጋገር ያለባችሁ መጠይቁ ሳይታተም ነው።